ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለወጣቶችና ለቤተሰቦች የሚሰጥ የአእምሮ ጤና ድጋፍ፦ የየካ አባዶና የአካባቢው ነዋሪዎች አገልግሎቱን እንዴት ያገኛሉ?

ግጭት፣ መፈናቀል፣ የቅርብ ሰው ድንገተኛ ሞት፣ የትራፊክ አደጋ፣ ጾታዊ ጥቃትና ሌሎች አሰቃቂ ክስተቶች በአካል ላይ ከሚያደርሱት ጉዳት ባሻገር የአእምሮ ጤናንም ይጎዳሉ። እግሩ የተሰበረ ልጅ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ተቋም ይወሰዳል። በአእምሮው የተጎዳ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ እርዳታ የሚያገኘው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ለዚህ መዘግየት ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ቤተሰብ ምልክቶቹን የሕመም ሳይሆን የጠባይ ለውጥ አድርጎ መቁጠሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአእምሮ ሕክምና የሚገኘው በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ወደዚያ የሚሄደውም «ያበደ» ሰው ብቻ ነው የሚለው የቆየ አመለካከት ነው።

ይህ ጽሑፍ በየካ አባዶ፣ በኮተቤ፣ በእንጦጦ ግርጌና በአጠቃላይ በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሰቃቂ ክስተት ከደረሰባቸው በኋላ ድጋፍ የት እንደሚጀምሩ፣ ምን ይዘው እንደሚሄዱ፣ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚጠብቃቸውና በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያብራራል። ዋናው መልእክት አጭር ነው። የመጀመሪያው የእርዳታ በር ሩቅ ያለው ልዩ ሆስፒታል ሳይሆን በቅርብ ያለው የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው፤ እርዳታውም ለልጁ ብቻ ሳይሆን አብሮ ለተጎዳው ቤተሰብ በሙሉ የሚጠየቅ ነው።

ራሱን ወይም ሌላ ሰውን ለመጉዳት የተቃረበ ሰው ካለ ግን ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ደረጃዎች መከተል አያስፈልግም። በቀጥታ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

አሰቃቂ ክስተት ምንድን ነው?

አሰቃቂ ክስተት ማለት ሰው ሕይወቱን ወይም የአካሉን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሁኔታ ሲደርስበት፣ በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ በዓይኑ ሲያይ ወይም በቅርብ ዘመዱ ላይ መድረሱን ሲሰማ ነው። በሀገራችን የቅርብ ዓመታት ታሪክ ብዙ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ፈተና አልፈዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነትና በተለያዩ አካባቢዎች የተከሰቱ ግጭቶች ደግሞ እጅግ ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅለዋል፤ ልጆችን ያለ ወላጅ፣ ወላጆችንም ያለ ልጅ አስቀርተዋል። ከእነዚህ ተፈናቃዮች መካከል አዲስ አበባ መጥተው በዘመድ ቤት የተጠለሉ ይገኛሉ።

ክስተቱ የግድ በዜና የሚነገር ትልቅ አደጋ መሆን የለበትም። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ፣ በመንገድ ላይ የደረሰ ዝርፊያ፣ ወይም ልጅ በዓይኑ ያየው የመኪና አደጋ ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በሌሊት ወደ ውጭ የወጡበት ሁኔታ ነበር። ለአብዛኛው ሰው ይህ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚረሳ ድንጋጤ ነው። ቀደም ሲል የጦር መሣሪያ ድምፅ ሰምቶ ለሸሸ ልጅ ግን አሮጌውን ፍርሃት የሚቀሰቅስ ሊሆን ይችላል።

የተለመደ ድንጋጤና ሕክምና የሚያስፈልገው ጉዳት እንዴት ይለያሉ?

ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ ማልቀስ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ክስተቱ ደጋግሞ ወደ ሐሳብ መምጣትና በትንሽ ድምፅ መደንገጥ የተለመዱ ናቸው። እነዚህ ምላሾች በራሳቸው ሕመም አይደሉም። አብዛኛው ሰው ደኅንነቱ ከተጠበቀና ወዳጅ ዘመድ በዙሪያው ካለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። የሞተን ሰው ማዘን፣ ማልቀስና መናፈቅም እንዲሁ ሕመም አይደለም።

ሕክምና የሚያስፈልገው ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ሲቆዩ፣ እየባሱ ሲሄዱ ወይም ሰውየው ትምህርቱን፣ ሥራውንና የዕለት ኑሮውን መምራት ሲያቅተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ባደረገው ግምት በግጭት ውስጥ ባለፉ አካባቢዎች ከሚኖሩ ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለበት። ይህ ማለት ከአምስቱ አራቱ ወደዚህ ደረጃ አይደርሱም፤ አንዱ ግን የባለሙያ እርዳታ ይሻል ማለት ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉንም እንደ ሕመምተኛ ማየትም ሆነ ሁሉንም «ያልፋል» ብሎ መተው አይገባውም።

ምልክቶቹ እንደ ዕድሜው ይለያያሉ።

• ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፦ ትተውት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና መጀመር፣ ከእናት ወይም ከአሳዳጊ አለመለየት፣ ያዩትን ክስተት በጨዋታ ደጋግሞ ማሳየት፣ ንግግር መቀነስ።

• ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች፦ ምክንያቱ በምርመራ ያልተገኘ ራስ ምታት ወይም የሆድ ሕመም፣ በትምህርት ወደ ኋላ መቅረት፣ ትምህርት ቤት ለመሄድ መፍራት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ማሰብ።

• ወጣቶች፦ መነጫነጭና ቁጣ፣ ራስን ማግለል፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ጫት፣ ሲጋራ ወይም መጠጥ መጀመር፣ ለሕይወታቸው ግድ ማጣት፣ ስለ ወደፊቱ ማሰብ ማቆም።

• ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ የማያባራ ድካም፣ በልጆች ላይ ቶሎ መቆጣት ወይም ከመጠን በላይ መከላከል፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው ጋር ላለመገናኘት ሰበብ መፈለግ።

በተለይ የወጣቶች ምልክት በቀላሉ ይሳሳታል። ለምሳሌ አባቱን በግጭት አጥቶ በአጎቱ ቤት የተጠለለ የ16 ዓመት ልጅ ማታ አምሽቶ መግባትና ቤት ውስጥ አለመነጋገር ቢጀምር፣ ቤተሰቡ «ከተማ አበላሸው» ሊል ይችላል። ልጁ ግን የሚያመሸው እንቅልፍ ሲወስደው የሚመጣበትን ቅዠት ለመሸሽ ሊሆን ይችላል። ከመቆጣት በፊት «ማታ ማታ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ነገር ይገልጣል።

የልጅ ዝምታ መርሳት አይደለም

በባህላችን መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰብስበው በማለዳ ይነገራል፤ ለቅሶው፣ ሠልስቱ፣ አርባውና ተዝካሩ ሐዘንተኛው እርሙን እንዲያወጣና ብቻውን እንዳይሆን የሚያደርጉ ናቸው። ይሁንና በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልጆች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ለቅሶው እስኪያልፍ ወደ ጎረቤት ቤት ይላካሉ፤ «አባትህ መንገድ ሄዷል» ይባላሉ፤ ጥያቄ ሲጠይቁም ወሬው ይቀየራል። ይህ የሚደረገው በፍቅር ቢሆንም ልጁ እውነቱን ከሌላ ሰው ሲሰማ ሁለተኛ ጉዳት ይደርስበታል፤ በቤተሰቡ ላይ ያለውንም እምነት ያጣል።

ባለሙያዎች የሚመክሩት ለልጁ በሚወደውና በሚያምነው ሰው አማካይነት፣ ለዕድሜው በሚመጥን ግልጽ ቋንቋ እውነቱ እንዲነገረው ነው። «ተኝቷል» ወይም «ሄዷል» ከማለት ይልቅ «ሞቷል፤ ተመልሶ አይመጣም፤ አንተ ግን ብቻህን አይደለህም» ማለት ይሻላል። ትንሽ ልጅ «ተኝቷል» ከተባለ ራሱ ለመተኛት ሊፈራ ይችላል። አሰቃቂውን ዝርዝር መንገር አያስፈልግም። ልጁ ለቅሶው ላይ መገኘት ከፈለገ የሚደግፈው አዋቂ ተመድቦለት እንዲገኝ ማድረግ ይቻላል።

የሄዱበት የማይታወቅ ዘመዶች ያሏቸው ቤተሰቦች ደግሞ የተለየ ሸክም አለባቸው። መርዶ ስላልመጣ ማልቀስ አይቻልም፤ ተስፋ ስላልተቆረጠ ማረፍም አይቻልም። እንዲህ ባለ ሁኔታ «እርማችሁን አውጡ» ወይም «በእርግጥ ይመጣል» ብሎ መጫን ሁለቱም ይጎዳሉ። ቤተሰቡ ጥርጣሬውን ሳይደብቅ እንዲነጋገርበትና የልጆች የዕለት ኑሮ እንዲቀጥል መርዳት ይበልጣል። የተጠፋፉ የቤተሰብ አባላትን በማፈላለግ ረገድ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አገልግሎት ይሰጣል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ተግባራትን ያስቀምጣል። እነርሱም ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ናቸው። ይህን እርዳታ ለመስጠት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ጎረቤት፣ መምህር ወይም የዕድር አባል ሊሰጠው ይችላል።

1. ማየት፦ ሰውየው ከአደጋ ርቋል ወይ? ምግብ፣ ውኃ፣ ልብስና ማረፊያ አለው ወይ? በከባድ ጭንቀት ላይ ያለ፣ ብቻውን የቀረ ልጅ ወይም አረጋዊ አለ ወይ?

2. ማዳመጥ፦ አጠገቡ ተቀምጦ በትዕግሥት መስማት። የደረሰበትን ሁሉ እንዲናገር ማስገደድ አይገባም፤ ዝም ማለት ከፈለገም አብሮ ዝም ማለት ይቻላል። «አይዞህ፣ ቻለው፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚሉ ንግግሮች ስሜቱን እንዲደብቅ ያደርጉታል።

3. ማገናኘት፦ ከቤተሰቡ፣ ከእርዳታ ሰጪዎችና ከጤና ተቋም ጋር ማገናኘት።

ልጆች በተቻለ መጠን የተለመደ የመኝታ፣ የምግብና የትምህርት ሰዓታቸውን እንዲይዙ ማድረግ፣ የአደጋ ምስሎችንና ቪዲዮዎችን በቴሌቪዥንና በስልክ ደጋግመው እንዳያዩ መከላከል ያስፈልጋል። ለማረጋጋት ተብሎ መጠጥ መስጠት ጉዳቱን ያባብሳል። የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መስጠትም አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለጭንቀት ምልክቶች ቤንዞዲያዜፒን የተባሉትን ማረጋጊያዎች መስጠትን አይመክርም።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

የካ አባዶ ለረጅም ጊዜ በየካ ክፍለ ከተማ ሥር ይታወቅ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ሲቋቋም ግን የአካባቢው አስተዳደር ተቀይሯል። ስለዚህ ነዋሪው ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት በአሁኑ የነዋሪነት መታወቂያው ላይ የሠፈረውን ክፍለ ከተማና ወረዳ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ይህም ከጤና መድንና ከሪፈር ጋር በተያያዘ እንዳይጉላላ ይረዳዋል።

አገልግሎቱ በሚከተሉት ደረጃዎች የተዋቀረ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፦ በየወረዳው ቤት ለቤት የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። ከቤት መውጣት ያቃተው ወጣት ወይም ሐዘን ያደከማት እናት ካለች ቤተሰቡ ጉዳዩን ለእነርሱ ማስረዳት ይችላል። ባለሙያዋ ሁኔታውን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ ታገናኛለች።

ጤና ጣቢያ፦ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር ተቀናጅቶ በጤና ጣቢያ እንዲሰጥ የሀገሪቱ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ያስቀምጣል። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው መመሪያ መሠረት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይሠለጥናሉ። «ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕመምን ማከም ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በሀገራችን የተካሄደ ጥናት መልስ ይሰጣል። በጉራጌ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተካሄደና በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የተከታተሉ ታካሚዎች ውጤት በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከተከታተሉት ያላነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል፦ ለየካ አባዶና ለኮተቤ ነዋሪዎች በቅርብ የሚገኝና የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ በማገልገሉ ነው። ሆኖም የአእምሮ ሕክምና ከዋና ዋና አገልግሎቶቹ አንዱ ነው።

ሌሎች ሆስፒታሎች፦ የካቲት 12 ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልና ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ታካሚው ሕፃን ወይም ታዳጊ ከሆነ የሕፃናትና ታዳጊዎች የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ተቋም እንዲላክ ቤተሰቡ ሪፈር የሚጽፈውን ባለሙያ መጠየቅ ይችላል።

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፦ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለና በሀገሪቱ በዘርፉ ግንባር ቀደም የሆነ ተቋም ነው። ከፍተኛ ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው የተዘጋጀ በመሆኑ በጤና ጣቢያ ወይም በአቅራቢያ ባለ ሆስፒታል ሊረዳ የሚችል ሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ ወረፋ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድ ምን ይያዛል? ምንስ ይጠበቃል?

ተገልጋዩ የነዋሪነት ወይም የፋይዳ መታወቂያ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ የአባልነት መታወቂያውን፣ ቀደም ሲል የታከመበት ማስረጃና የሚወስደው መድኃኒት ካለም ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። የጤና መድን አባላት ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ አገልግሎቱን በመድኑ ያገኛሉ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግን ከድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር ወጪን ሊያስከትል ይችላል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች መዋጮአቸው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ በወረዳቸው ማመልከት ይችላሉ። ከሌላ ክልል ተፈናቅለው የመጡና መታወቂያ የሌላቸው ቤተሰቦች «ወረቀት የለንም» ብለው ከመቅረት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያው ማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም ወደ ወረዳው አስተዳደር ቀርበው ሁኔታቸውን ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

በካርድ ክፍል የመጣበትን ጉዳይ በሰው ፊት ዘርዝሮ መናገር አያስፈልግም። «የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት እፈልጋለሁ» ወይም «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ማለት ይበቃል። ባለሙያው መቼ እንደጀመረ፣ እንቅልፍንና ምግብን፣ ትምህርትን ወይም ሥራን፣ የሱስ ሁኔታን ይጠይቃል። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄም ሊያነሣ ይችላል። ቤተሰብ በዚህ ጥያቄ መደንገጥ የለበትም፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ሰውየው የደበቀውን እንዲናገር ግን በር ይከፍታል። ወጣቱ ከወላጅ ጋር እንዲሁም ለብቻው የመነጋገር ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ወጣቱ የሚናገረው በምስጢር ይያዛል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ጥቃት እየደረሰበት ከሆነ ግን ባለሙያው እርሱን ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ ይወስዳል።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ሕመም ቀዳሚው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው። ታካሚው ከባለሙያ ጋር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን እየተገናኘ፣ ከ6 እስከ 12 በሚደርሱ ክፍለ ጊዜያት ፍርሃቱን መቆጣጠርን፣ ስለ ክስተቱ ያለውን አስተሳሰብ መመርመርንና ትዝታውን ሳይሸሽ ማለፍን ይማራል። ለልጆች በሚሰጠው ሕክምና ወላጅ ወይም አሳዳጊ ተሳታፊ ይሆናል፤ ጨዋታና ሥዕልም ያግዛሉ።

ድብርት ወይም ከባድ ጭንቀት አብሮ ካለ ሐኪሙ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የድብርት መድኃኒቶች ለውጥ የሚያሳዩት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ማቆም አይገባም። ሲሻልም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ምልክቶቹን ሊመልስ ይችላል። ቀጠሮን ማክበር የሕክምናው ግማሽ ነው።

ጾታዊ ጥቃት የደረሰባቸው ልጆችና ሴቶች

በዚህ ጉዳይ ሰዓት ወሳኝ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ በፈጠነ መጠን ውጤታማ ይሆናል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከል ድንገተኛ መድኃኒት ደግሞ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ስለሆነም ቤተሰብ በሽምግልና ሲነጋገር ወይም «ስማችን ይጠፋል» ሲል ሰዓቱ እንዳያልፍ መጠንቀቅ አለበት። ከተቻለ ሰውነትን ሳይታጠቡ፣ ልብስንም ሳያጥቡ ይዞ መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል። ይህ ስላልተደረገ ግን ከሕክምና መቅረት አይገባም። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን፣ የፖሊስና የሕግ አገልግሎትን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር መጠለያና ምክር፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ጸበልና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ

የእንጦጦ ተራራ ከጥንት ጀምሮ ሕሙማን ፈውስ ፍለጋ የሚወጡበት ስፍራ ነው። በርካታ ቤተሰቦችም የተጨነቀ ልጃቸውን አስቀድመው የሚወስዱት ወደ ጸበል ነው። ጸሎትና ጸበል ለምእመኑ መጽናኛ ናቸው፤ ሕክምናም እነርሱን እንዲተው አይጠይቅም። ችግር የሚፈጠረው መድኃኒት እንዲቋረጥ ሲደረግ፣ ሕመምተኛው ሲታሰር ወይም አቅሙን የሚያዳክም ጾም እንዲጾም ሲገደድ ነው። ቀደም ሲል የኤች አይ ቪ ሕሙማን በእንጦጦ ጸበል መድኃኒታቸውን ያቋርጡ በነበረበት ወቅት፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩና ምእመናን ሁለቱንም እንዲጠቀሙ አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለአእምሮ ሕክምናም ያገለግላል። በጸበል ያለ ታካሚ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ፣ ቀጠሮውንም እንዳያሳልፍ ቤተሰቡ ለካህናቱ ቢያስረዳ ይጠቅማል። በመስጊድም ሆነ በሌሎች የእምነት ተቋማት መንፈሳዊ ድጋፍ የሚያገኙ ወገኖች ሊከተሉት የሚገባው መንገድ ተመሳሳይ ነው።

የትምህርት ቤትና የዕድር ድርሻ

ከየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪዎች ብዙዎቹ በዕጣ ከተለያዩ ሰፈሮች የመጡ ናቸው። የብዙዎቹ ዕድር ያለው በቀድሞ ሰፈራቸው ነው። ስለዚህ ለቅሶው ካለፈና የሩቅ ወዳጆች ከተመለሱ በኋላ ሐዘንተኛው ቤተሰብ በሩን ዘግቶ ብቻውን ሊቀር ይችላል። የብሎኩ ነዋሪዎችና የአካባቢው ዕድሮች ከሠልስት በኋላም በየሳምንቱ ሰው መድበው ቢጠይቁ፣ ልጆች ትምህርት መጀመራቸውን ቢያረጋግጡ፣ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ ሲኖርም አብረው ቢሄዱ ትልቅ ድጋፍ ነው።

መምህራን ደግሞ የልጁን ለውጥ ከቤተሰብ ቀድመው የሚያዩበት ጊዜ አለ። ወላጅ ለልጁ ኃላፊ መምህር የደረሰውን በአጭሩ ቢያሳውቅ፣ ልጁ ትኩረት ሲያጣ ከመቀጣት ይድናል። ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ካለውም ልጁን ሊያገናኘው ይችላል። ከሌላ ክልል የመጣ ተማሪ የትምህርት ማስረጃው ቢጠፋም ከትምህርት ገበታ ሳይርቅ እንዲመዘገብ ቤተሰቡ የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል። ወደ ክፍል መመለስ ራሱ የማገገሚያ መንገድ ነውና።

አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልግበት ሁኔታ

አንድ ሰው «መኖር አልፈልግም» ሲል፣ ንብረቱን ማከፋፈልና መሰናበት ሲጀምር፣ ራሱን የሚጎዳበትን ነገር ሲፈልግ፣ የማይታይ ነገር ሲያይ ወይም ሲሰማ፣ ወይም ለቀናት መብላትና መጠጣት ሲያቆም ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ብቻውን መተው አይገባም። መርዛማ ኬሚካሎችን፣ መድኃኒቶችንና ስለታማ ነገሮችን ከአጠገቡ ማራቅ፣ በእርጋታ ማነጋገርና ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል። ለአምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር 907፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል። አንዳንድ ቤተሰቦች ክስን በመፍራት ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው ይደብቃሉ። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከር ሞካሪውን አያስቀጣም፤ ስለዚህ እውነቱን ለሐኪም መናገር ሕይወት ያድናል።

ስለ ጤና አገልግሎት መረጃ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው በነፃ የስልክ መስመር 952 መጠየቅ ይችላል።

በአጭሩ

• ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ወይም ከባሱ በወረዳው ጤና ጣቢያ መታየት።
• ለልጆች እውነቱን በሚመጥናቸው ቋንቋ መንገር፤ ዝም ስላሉ ረስተዋል አለማለት።
• መታወቂያና የጤና መድን ማስረጃ ይዞ መሄድ፤ ማስረጃ ስለሌለ ግን አለመቅረት።
• ጾታዊ ጥቃት ሲደርስ በ72 ሰዓታት ውስጥ ወደ ሕክምና ተቋም መድረስ።
• መድኃኒትንና ቀጠሮን ያለ ባለሙያ ምክር አለማቋረጥ።
• ልጁን የሚያሳክመው ወላጅም ራሱ እርዳታ እንዲያገኝ መጠየቅ። ወላጅ ሲረጋጋ ልጅም ይረጋጋል።